«ምንም አይልም» ስላልኩበት ስልክ

ለተከበረው የክልላችን የመድኃኒት ግምገማ ቦርድ፤

ክቡራን ሆይ፣ በያላችሁበት ጤና ይስጥልኝ። እግራችሁ ከደረጃው፣ ዓይናችሁ ከፊደሉ እንዳይለያይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሰሜን ፊንላንድ፣ ካይኑ በሚባለው ክልል ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነኝ። ነበርኩ። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ካገኘኝ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

አንደኛ፤ በመስከረም ነርሳችሁ ደውላ «ኢርሜሊ፣ እንዴት ነሽ?» ብትለኝ «ምንም አይልም» አልኩ። ቃሌን አክብራችሁ፣ ሕመም የላትም ብላችሁ፣ በየጠዋቱ የምውጠውን ኪኒን ስላስቆማችሁልኝ አመሰግናለሁ። በእኛ አገር ሰው መጥረቢያ እግሩን ቢበላውም «ምንም አይልም» እንደሚል እናንተም እዚሁ ተወልዳችሁ ታውቃላችሁ። ማወቃችሁ ነው የሚያስፈራኝ።

ሁለተኛ፤ ደህና የሆንኩት በኪኒኑ እንደሆነ ጽፌላችሁ ነበር። ዝናብ አልገባም ብሎ ጣራውን የሚያነሳ ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ ስላሳያችሁኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

ሦስተኛ፤ ኪኒኑ በቆመ በስምንተኛው ሳምንት በሽታው አገረሸ። ቅዳሜ ከሳውና ወጥቼ በረንዳው ላይ ፊቴን ደጋግሜ ጠረግሁ። እንፋሎት መስሎኝ ነበር። እህቴ ሒልካ «ምኑን ነው የምትጠርጊው? ውጪ ነን እኮ!» አለችኝ። ሳቅን። የግራ ዓይኔ ግን ከእንፋሎቱ አልወጣም።

አራተኛ፤ በማግስቱ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጬ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን የእግር መርገጫ እንዲረግጥ ግራ እግሬን አዘዝኩት። አልመጣም። ምእመናኑ ያለ ወፍራሙ ድምፅ ዘመሩ። ከመዝሙሩ በታች የቀረው ባዶ ቦታ አሁንም ይከተለኛል። ሰሃን ሳጥብ እሰማዋለሁ።

የጠፋው ይመለስ እንደሆነ ሐኪሜ አያውቅም። የቀረውን ለማዳን ግን ሕክምናው ዛሬ ነገ ሳይባል መጀመር አለበት ይላል። እናንተ ደግሞ ማክሰኞ በስልክ ከጠየቃችሁኝ በኋላ እንደምትወስኑ በትሕትና ገልጻችሁልኛል። ስለዚህ አስቀድሜ በጽሑፍ እመልሳለሁ፤ ደህና አይደለሁም። ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

ቀኝ ዓይኗ እስካየ፣ ቀኝ እግሯም እስከታዘዘ ድረስ የምታከብራችሁ፣
ኢርሜሊ ቫይኒካይነን

ማስታወሻ፤ የምናገረውን የምትጽፍልኝ ሒልካ ናት። ደብዳቤውን ሳናሽግ ነርሳችሁ ቀኑን አስቀድማ ዛሬ ደወለች። «እንዴት ነሽ?» አለችኝ። ሒልካ ስልኩን ልትነጥቀኝ ተነሣች፤ አልደረሰችም። «ምንም አይልም» አልኩ። እባካችሁ፣ አትመዝግቡት።