ከባላንጣ የተጠየቀ ፊት፦ የቀራጺ ጥሩወርቅ አለሙ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ጥሩወርቅ ከአባታቸው ከአቶ አለሙ ካሳዬና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘውድነሽ ተገኘ ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በቆቦ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ጨርሰው፣ ዘመድ ሁሉ ነርስ ይሁኑ ሲል እሳቸው አዲስ አበባ ሄደው ቅርጻ ቅርጽ ተማሩ። በ1980 ዓ.ም. ተመርቀው ሲመለሱ፣ ጭቃ ለማቡካት ይህን ሁሉ ዓመት መማር ምን ይሠራል ያላቸው ብዙ ነው። በ1982 ዓ.ም. መምህር አንዷለም ሲሳይን አግብተው ሊድያንና ዮናስን አፈሩ።

በ1986 ዓ.ም. የሮቢቱ ገበሬ አቶ ገብረ ማርያም ዐርፈው፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ አልማዝ ለመቃብራቸው የፊት ሐውልት አዘዙ። ለወ/ሮ ጥሩወርቅ የመጀመሪያ ሥራቸው ነበር። ሟቹ ፎቶግራፍ ስላልነበራቸው፣ ወ/ሮ ጥሩወርቅ መልካቸውን ከአልቃሾች ሙሾ ቀዱ። ሙሾ ደግሞ ነውር አያወራምና የወጣው ፊት ማንም የማያውቀው ሸበላ ሆነ። ወ/ሮ አልማዝ «ይሄ የማን ባል ነው?» ብለው ጥለው ሄዱ። ወሬው በአንድ የገበያ ቀን ጎብዬ ከተማ ድረስ ደረሰ። ከእንግዲህ ማን ያዛቸዋል?

እልኸኛ ነበሩ፤ እልኻቸውን እኛ ቤተሰቦቻቸው እናውቀዋለን። ሐውልቱን ሰብረው፣ ከሟቹ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት በድንበር የተካሰሱትን አቶ መንሱርን ሄደው ጠየቁ። እሳቸውም ሟቹ ክርክር ሊያሸንፉ ሲሉ ግራ ቅንድባቸው እንዴት እንደሚነሳ፣ ከንፈራቸውን በየት በኩል እንደሚነክሱ አንድ በአንድ ነገሯቸው። አዲሱ ሐውልት የተገለጠ ቀን ወ/ሮ አልማዝ አቅፈውት አለቀሱ። አቶ መንሱር ራቅ ብለው ቆመው፣ «ወላሂ፣ ዛሬም ይከራከረኛል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ አርባ ሦስት ፊቶች ቀረጹ፣ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ዐውደ ርእይ አሳይተው ተሸለሙ። ጭቃ ያሉት ሳይቀሩ ተራ ጠበቁ። ሥራ ሲቀበሉም ከሟች ዘመድ በፊት ባላንጣውን ያስጠሩ ነበር፤ ወዳጅ ያሞግሳል እንጂ አያስተውልም ይሉ ነበር። በዚህ ጠባያቸው ያልተቀየማቸው ጥቂት ነው፤ እኛ ግን ኮርተንባቸዋል።

በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። ልጃቸው ሊድያ በእናቷ ሙያ ተተክታ የእናቷን ፊት ልትቀርጽ ተነሥታለችና፣ ከወ/ሮ ጥሩወርቅ ጋር የተጣላችሁ ሁሉ ከቀብር በኋላ እባካችሁ ቆዩልን።

ሰውን በመልኩ የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ያኑርልን።