ሥራ ላይ ነኝ ያሉት አያቴና የተከለከልነው ወረቀት

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር ቀለም ያብረቅርቅ፤ ግፊትዎ ልክ፣ እንቅልፍዎ የሰላም ይሁን። በታላቅ ሐዘን የማስታውቅዎ ከባድ ዜና ስላለኝ ወንበርዎን ያዝ አድርገው ያንብቡት። በሠፈራችን አንድ ሽማግሌ ጠፍተዋል። የጠፉት ቤታቸው ውስጥ፣ ከአልጋቸው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ዓይናችን እያየ ነው። ፖሊስ ጋ ሄደን ብናመለክት፣ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያያችኋቸው ተባልን፤ አሁን፣ ከቤት ስንወጣ ብንል አባረሩን።

ጠፊው አያቴ ናቸው። በእርስዎ ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የበሽተኛ ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ ኖረው በጡረታ የተሰናበቱት ማለት ነው። እኔ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ እንደ መድኃኒት ቤታችሁ እጥረት ቆጥረው ይለፉኝ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራው። ባለጉዳዩ ራሳቸው ይመልሱ፣ ቤተሰብ ዝም ይበል የሚለው መመሪያዎ ተፈጻሚ ሆኗል። ሐኪሙ የት ነው ያሉት ብለው ጠየቋቸው፤ ጤና ጣቢያ አሉ፤ ልክ ነው። ምን ሊያደርጉ መጡ ቢባሉ ሥራ ላይ ነኝ አሉ፤ ሐኪሙ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ማስታወስ ይችሉ እንደሆነ ሲጠየቁማ የአርባ በሽተኛ የካርድ ቁጥር ከነባለቤቱ ስም አንበለበሉላቸው። ሐኪሙ ከኔ ይሻላሉ ብለው አድንቀው፣ «አእምሮ ሙሉ ጤነኛ፤ እርጅና ብቻ» ብለው ጻፉ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚያስገባውን የሪፈር ወረቀትም ከለከሉን። ቁርስ ምን በሉ ብለው ቢጠይቋቸው ኖሮ ጉዳችንን ባዩ ነበር። እጄን ባወጣ ዝም በይ ተባልኩ። ግቢውን ስንወጣ አያቴ እጄን ያዝ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺ ማንን ልትጠይቂ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። እኔ ነኝ አባባ ብላቸው፣ በጣም በትሕትና፣ «ቁጥርሽን ንገሪኝ» አሉ።

ሁለተኛ፣ ስለታዘዘልን የግፊት ኪኒን። አያቴ ጫማቸው ውስጥ በሥነ ሥርዓት ደርድረውታል። ሳሙናው ስኳር ዕቃ ውስጥ ይገኛል። ምሳ በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ልጃቸውን፣ አክስቴን፣ በረሃብ ልትገድለኝ ነው ብለው ለጎረቤት ይከሷታል። መስታወት ውስጥ የሚያዩትን ሽማግሌ ደግሞ ሰውዬ ተሰለፍ እንጂ እያሉ ይቆጡታል። ሰውየው አልሰለፍ ብሎ ስላስቸገረ መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙረነዋል።

ሦስተኛ፣ ይህኛው ላይ መቀለድ ስላቃተኝ በአጭሩ ልንገርዎ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አያቴ መስኮት ላይ ቆመው ቁጥር ይጠራሉ። አቤት የሚል ሰው እስኪመጣ አይቀመጡም። እኔ መቼም ነገር ሳገኝ አላልፍምና፣ አንድ ቀን የባልቴት ድምፅ አውጥቼ አቤት አልኩ። ዞረው ትኩር ብለው አዩኝ። «አንቺማ ሞተሻል። ካርድሽን በእጄ ነው ላይኛው፣ የሟቾች መደርደሪያ ላይ የሰቀልኩት» አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ «ግድ የለም፣ ተቀመጪ፤ ተራሽ ይደርሳል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ አልቀመጥም። የተያዘ ይመስለኛል። ማታ ማታ ስጠርግ እንኳ እግር እንዳልነካ እየተጠነቀቅኩ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ዘበኛዎ። አያቴ ሥራ ረፈደብኝ ብለው ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥተው ጣቢያችሁ በር ላይ ደርሰው ነበር፤ ዘበኛው ሂዱ እዚህ እብድ አይገባም ብሎ መለሳቸው። በሁለተኛው ጊዜ ያገኘናቸው በማግሥቱ፣ ከከተማ ውጭ፣ ድልድይ ሥር ተቀምጠው ነው። በሩ እስኪከፈት እየጠበቅኩ ነው አሉን።

ታዲያ አክስቴ ቁልፍ ገዛች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ የምትውል ናት፤ ሲቆለፍባቸው ሲጮኹ እንዳትሰማ ነው ጠዋት ሮጣ የምትወጣው። እኔም ሥራ ፍለጋ ስወጣ ብቻቸውን ናቸው። ዘመድ ተሰብስቦ ተነጋግሯል። ጎረቤቱ አብደዋል ስለሚል፣ ያበደ ሰው ጋ ማንም ተራ ገብቶ አይቀመጥም። ሐኪም በሽታ ነው ብሎ ስሙን ከጻፈበት ግን አጎቴ በሳምንት ሦስቱን ቀን፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን ቀን ሊጠብቋቸው ቃል ገብተዋል፤ አክስቴም ቁልፉን ልትጥል ምላለች። በሽታውን የሚያውቁት ሐኪም ትልቁ ሆስፒታል በወር አንድ ቀን ይመጣሉ፤ ያለ ሪፈር ግን አያቴ በሩን አያልፉም። መድኃኒት እንደሌለው ሰምተናል፤ መድኃኒት አልጠየቅንም። የጠየቅነው ስም ነው።

ሥራ እንደሚበዛብዎ እያወቅኩ ይህን ያህል ስላስነበብኩዎ እጅ ነስቼ፣ ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእስክሪብቶዎ የማያልቅ ቀለም ተመኝቼ እሰናበታለሁ።

ጎረቤት ነገረኛዋ የሚለኝ፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የልጅ ልጅ

ይህም ይጨመርልኝ፦ ይህን ደብዳቤ ትናንት በተቆለፈው በር ሥር ቁጭ ብዬ ለአያቴ አነበብኩላቸው። ለማን እንደሆነ ልነግራቸው የእርስዎን ስም ስጠራ ከውስጥ፣ «እሱን ልጅ አውቀዋለሁ» አሉ። «በኩፍኝ ተቃጥሎ እናቱ አዝላው መጣች። ካርዱ ጠፍቶ ያለ ካርድ አይታይም አሏት። ምሳዬን ትቼ ፈልጌ አወጣሁለት።» ከብዶዎት ነበር ወይ አባባ ብላቸው፣ «ምን ይከብዳል? አንዲት ወረቀት እኮ ናት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በዚህ ቀላል ጉዳይ ያን ሁሉ መጻፌ አሁን አሳፈረኝ።