የቀኝ እጇን ለለካችሁላት ኮሚቴ

ለክቡር የታዳጊ ቴኒስ ተጫዋቾች መልማይ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለኮሚቴዎ አባላትም ከወንበራቸው የሚነሱበትን ጉልበት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሜዳው አጥር ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የራኬት ክር ስወጥር የኖርኩ፣ ክቡርነትዎም በደጄ ሲያልፉ ሰላምታዬን በአገጭዎ የሚቀበሉኝ ባለሙያ ነኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጉዳዬ የወንድሜ ልጅ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ማክሰኞ በለጠፋችሁት የአሥራ ሁለት ልጆች ዝርዝር ውስጥ ስሟ የለም። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ያበቃል፤ የሚቀጥለው ምርጫ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ያልፋል። ስለዚህ ምስጋናዬን ሳልውል ሳላድር በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የተፈጥሮ ተሰጥኦን ያለ አንዲት ኳስ ለመለየት ስለቻላችሁ አመሰግናለሁ። ስልሳ ልጅ ራኬቱን ታቅፎ ቢመጣ፣ ራኬቱን በር ላይ አስቀምጡ ብላችሁ ቁመታቸውን በግድግዳ፣ ክንዳቸውን በሜትር ለካችሁ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ዩኒፎርም ልታሰፉላቸው መስሏት ሥራው ለማን እንደተሰጠ ጠይቃኛለች።

፪. የእጅ ጉልበት መለኪያውን ሁሉም በቀኝ እጁ እንዲጨብጥ በማዘዛችሁ ለእኩልነት ያላችሁን ፍቅር አደንቃለሁ። የወንድሜ ልጅ ግራኝ ናት። ይህንኑ ስትናገር ቅጹ ላይ ያለው ሣጥን አንድ ብቻ መሆኑ በትሕትና ተነገራት፤ በቀኟ ጨበጠች፤ «ደካማ» ተብሎ ተጻፈላት። ክቡርነትዎ በማይጽፉበት እጅ እንዲፈርሙ ቢታዘዙ ፊርማዎን የሚያውቅልዎ ባንክ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

፫. እኔን ስላልጠየቃችሁኝም አመሰግናለሁ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ክር አፍ አውጥቶ ይናገራል። ኳስ ካለፈችው በኋላ የሚሮጥ ሰው ክሩ የሚበጠሰው ከጠርዙ አጠገብ ነው፤ ኳስ ከመምጣቷ በፊት የምታርፍበትን የሚያይ ሰው ግን ክሩ የሚያልቀው መሐል ለመሐል፣ ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ክር ያመጡልኝ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ሦስተኛዋ እናንተ ደካማ ያላችኋት ናት። ለዘመዱ አደላ እንዳትሉኝ፣ የተበጠሱትን ክሮች የተበጠሱበትን ቀን ጽፌባቸው በፖስታው አያይዤአለሁ።

፬. ይህኛው ምስጋና አይደለም። ልጅቱ ከማክሰኞ ወዲህ ወደ ሜዳው ዝር አላለችም። እናቷ ምነው ብትላት፣ ጉልበት የለኝም ተብያለሁ ብላ መለሰች። በሌላው ሁሉ እስቅ ነበር፤ ያንገበገበኝ ይሄ ነው፤ አምናችኋለችና። ስለዚህ ነገ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አሥር ደቂቃ፣ ጥቂት ኳስና ዓይኑን ከወረቀት የሚያነሣ አንድ ሰው እንዲፈቀድላት እለምናለሁ።

ለሜትራችሁ ዕድሜን፣ ለዓይናችሁ ብርሃንን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከእርሱ ከማያንስ ንዴት ጋር እጅ እነሣለሁ።

ክር ወጣሪው፣ የልጅቱ አጎት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ለአሥራ ሁለቱ የመደባችሁት አሠልጣኝ ደወለ፤ ልጆቹን የሚፈትን ሰርቭ፣ ማለትም የመክፈቻ ምት፣ የሚመታ ሰው ስላጣ፣ የወንድሜ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት መጥታ እንድታለማምድለት ለመነኝ። ወዲያው ብነግራት እሺ ብላለች። አሥራ ሁለቱንም ብታሸንፋቸው ምን ብላችሁ እንደምትጽፉ ከወዲሁ ብትሰበሰቡበት መልካም ነው፤ ስብሰባ እንደሆነ አይከብዳችሁም።