ቅንድብ ማየት ማን አስተማራት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ይድረስ ለሚጢ አባት፣

እንዴት ነህ? ሳሉስ ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። ይህን ካልኩ በኋላ ልቆጣህ ነው። በስልክ ብቆጣህ «ኔትወርኩ እምቢ አለ» ትለኛለህና በወረቀት ይሁን።

ትናንት ልጅህን ለምርመራ ወሰድኳት። ከአምና ጀምሮ ወረፋ ስንጠብቅለት የነበረው ነው። ርእሰ መምህሩ ያለኝን ታውቃለህ፦ «ኦቲዝም ይኑርባት አይኑርባት ባለሙያ ይንገረን። ያለዚያ ረዳት መምህር ልመድብላት አልችልም፤ ደወል በተደወለ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር የምትገባ ልጅ ደግሞ ያለ ረዳት ላቆያት አልችልም።» ነግሬሃለሁ። ደግሜም ነግሬሃለሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ አሻንጉሊቶች፣ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ። እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ «እንዴት አደርሽ?» ስትላት፣ ያቺ ለአክስቷ እንኳ ሰላም የማትል ልጅ እጇን ዘርግታ «ደህና፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አለች። ስለ አሳንሰር ተጠየቀች። አሳንሰር! ስለ ገመዱ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ በሩ እስኪመሽ የምትተነትነው ልጅ «ጥሩ ነው» ብላ ጸጥ። ባለሙያዋ ስትስቅ ሳቀች፤ ትንሽ ዘግይታ። እኔ ጥጌ ላይ ቆሽቴ አረረ። ተሳስቼ የጎረቤት ልጅ ይዤ የመጣሁ መሰለኝ።

ሴትየዋ ግን ሞኝ አይደለችም። እርሳሷን አስቀመጠችና «ዓይኔን ነው የምታዪው?» አለቻት።

«አይደለም፣ ቅንድብዎን። ዓይን ያስፈራል። ቅንድብ ብታዪ ሰው አያውቅብሽም።»

«ማን ነገረሽ?»

«አባዬ። ፈተናውን እንዳልወድቅ በስልክ አስጠናኝ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ስለ አሳንሰር ብዙ አላወራም።»

ደብቂ አልካት እንጂ ዋሺ አላልካትም፤ መዋሸት ደግሞ አታውቅም።

ፈተና! አንተ ሰው፣ ምርመራ የሚያልፉት የሚወድቁት ነገር ነው? ማታ ማታ ስትንሾካሾኩ እኔ ሞኟ «አባትና ልጅ ናፍቆታቸውን ይወጡ» ብዬ ቴሌቪዥን እቀንስላችሁ ነበር! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ልጃችን በሽተኛ ባትሆንም ተረቱ አንተን አይምርህም።

ታክሲ ውስጥ እንደገባን ፊቷን ቦርሳዬ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ቤት ስንደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ሥር ገባች፤ ምሳዋን እዚያው አቀበልኳት። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አለፍኩ?»

ባለሙያዋ ያየችውን ብቻ ይዛ ውጤት እንደማትጽፍ ነግራኝ ለመጪው ወር ሌላ ቀጠሮ ሰጠችን። «ያን ቀን አባቷ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ካልሆነም በስልክ። ስለ ራሳቸው ልጅነት የምጠይቃቸው አለኝ» አለች። «የምናስመረምረው ልጅቷን አይደል እንዴ?» ብላት ፈገግ ብላ የቀጠሮ ካርዱን አቀበለችኝ።

ማታውኑ እናትህ ጋ ደውዬ ልጅ ሆነህ እንዴት እንደነበርክ ብጠይቃት «ጨዋ ነበር፤ ድምፁ አይሰማም» ብላ ወሬ ቀየረች። የሠርጋችንን ፎቶዎችም አውጥቼ አየኋቸው። አንዱም ላይ ዓይኔን አላየህም። ከሰው ድግስ በተመለስን ቁጥር መብራት አጥፍተህ ወደ ግድግዳ ዞረህ የምትተኛውን ደግሞ እኔ የሥራ ድካም ነው እያልኩ ስንት ዓመት ሾርባ አሞቅኩልህ!

አሁንም ተናድጃለሁ፤ አልበረደልኝም። ከቻልክ ለቀጠሮው ፈቃድ ጠይቀህ ና። ካልቻልክም እሁድ ስትደውል ለልጅቷ ሌላ ትምህርት እንዳትሰጣት። ሰው መሃል ስትውል አንተንም እንደሚደክምህ ብቻ ንገራት። እኔ «ደክሞሽ ነው እኮ፣ መሳቅ ካልፈለግሽ አትሳቂ» ብላት አላመነችኝም። እኔን አይደክመኝማ።

ፈጣሪ በሄድክበት ይጠብቅህ። እህልም በሰዓቱ ቅመስ።

እየተናደደች የምትናፍቅህ፣
የሚጢ እናት