ከመርዶ ነጋሪ ጋር ወደ ተራራ

ሐሙስ፣ ጁላይ 10፣ ከሥራ መልስ

ከቢሮዬ ከሳንዲ ስፕሪንግስ እማዬ እስከምትኖርበት ስቶን ማውንቴን፣ እንደ ልማዱ፣ ፍሬን እየረገጥኩ። ፓርክ አድርጌ እማዬ ቤት ገባሁ። እሷና ጋሽ ታደሰ ሳሎን ተቀምጠዋል። ዝም አሉ። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ በሩ እስኪከፈት ድረስ ወሬ የነበረ ዝምታ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ጋሽ ታደሰን አላስተዋወቅኩሽም። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። አትላንታ ያለ አበሻ አገር ቤት ሰው ሲሞትበት መርዶውን የሚሰማው ከእሳቸው ነው። ሥርዓት አላቸው። ማለዳ ይመጣሉ። መጀመሪያ የመኪናህን ቁልፍ ይቀበሉሃል፣ ደንግጠህ እንዳትነዳ። ቀጥሎ እህል መቅመስህን ይጠይቃሉ። ቀጥሎ «ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ነን» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን በትክክል የሚያስታውስ ሰው አላጋጠመኝም። አባዬ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ አዲስ አበባ የቀረ ጊዜ ያረዱኝም እሳቸው ናቸው። ባለሙያ ናቸው። ሙያቸውን ግን ማንም አይናፍቅም።

እማዬ ሻይ ቀዳችልኝ። በረዶ ያለበት ተራራ ማየት አማረኝ አለች። ስዊዘርላንድ። በሚቀጥለው ሳምንት። ፍልሰታ ሳይገባ። ጋሽ ታደሰም አብረውን ይሄዳሉ።

ጎመኔን ማን ያጠጣልኛል ብላ ፍሎሪዳ እንኳ ሄዳ የማታውቅ ሴት ናት።

ባለፈው ሳምንት መኪናዋን ቢሮዬ አጠገብ ካለው ሆስፒታል ፓርኪንግ አይቼዋለሁ። ስጠይቃት ሾፒንግ ነበርኩ አለች። እንጀራዬ የኢንሹራንስ ክሌም፣ የጉዳት ካሳ ጥያቄ፣ ማጣራት ነው፤ ከትንሽ ምልክት ትልቅ ጉዳት ማንበብ። ሆስፒታል፣ ዝምታ፣ የመጨረሻ ምኞት የሚመስል ጉዞ፣ ከጎኗ መርዶ ነጋሪ። ፋይሉ ሙሉ ነው።

ፓይን ሌክ ለምትኖረው እህቴ ለሕይወት ደወልኩ። አለቀሰች። ከዚያ «ኦኬ፣ ግን ላይክ፣ ለምን ስዊዘርላንድ?» አለች።

ለምን እማዬን በቀጥታ አልጠይቃትም? እኛ ቤት በሽታ አይጠየቅም። በሽተኛው ይደብቃል፤ ሌላው ያውቃል፤ ከዚያ ሁሉም እንዳላወቀ ሆኖ ምሳ ይበላል።

እሑድ፣ ጁላይ 13

እማዬ ከቅዳሴ በኋላ ልምምድ እናድርግ አለች። በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ የሚወጣውን የስቶን ማውንቴን ኬብል ካር ሦስታችንም ከነነጠላችን ተሳፈርን። ጋሽ ታደሰ ብረቱን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማዬ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ የወጥ ቤቴን መስኮት ሳልዘጋው መጣሁ ትላለች።

እኔ የማየው እሷን ነው። ከስታ እንደሆን። አልከሳችም፤ እንዲያውም ወፈር ብላለች። ለሕይወት ነገርኳት። እብጠት ይሆናል አለች። ሰው አንዴ ከወሰነ ማስረጃ አያጣም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ደረስን። የመንደሩ ስም ለምላስ አይመችም። ላሞቹ ቃጭል አስረው በሣር ላይ ይንጎራደዳሉ። እማዬ መጀመሪያ አትላንታ ከገባንበት አፓርትመንት የእነሱ መኖሪያ ይሻላል አለች። አልተሳሳተችም።

ረቡዕ፤ ጾም። የመንደሩ ምግብ አይብ ነው፤ አይብ ካልፈለጉ የቀለጠ አይብ። ጋሽ ታደሰ በእጃቸውም በእንግሊዝኛም ብለው ቅቤ ያልነካው ድንች አዘዙ። አስተናጋጁ ለወተት አለርጂ ናችሁ ወይ አለ። እማዬ አዎ አለችው፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ።

ምግብ ላይ ጋሽ ታደሰ «ጥሩዬ፣ ጨው ላቀብልሽ?» ሲሉ ሰማኋቸው። እስከ አትላንታ ኤርፖርት ወ/ሮ ጥሩወርቅ ነበረች፤ እርስዎም ነበረች። ማስታወሻዬ፣ ሰው ለሚሞት ሰው ይለሰልሳል። ድንቹን አልጨረስኩም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ኬብል ካሩ የመስታወት ክፍል ነው። ሰው ይጠቀጠቅበታል፤ ከዚያ መሬቱ ከሥር ይሄዳል። መጀመሪያ ጥዶች፣ ቀጥሎ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ነጭ። ውበቱን መግለጽ ይገባኝ ነበር። ስለ ተራራ የጻፉ ሰዎች ሁሉ ላይ ሲደርሱ ነፍሳቸው ትሰፋለች። የእኔ ጆሮ ተደፈነ።

እማዬ በጁላይ በረዶ ዘግና ጉንጯ ላይ አደረገች። እንደ ልጅ ሳቀች። እኔ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ተከትላኝ መጣች፤ ከፍታው ነው ብላ ከቦርሳዋ ቆሎ ሰጠችኝ። እያለቀሱ ቆሎ መብላት ያስቸግራል፤ ድምፁ ለሐዘን አይሆንም።

ከዚያ «ብሩክዬ፣ አንድ ነገር…» ብላ ጀመረች። ወደ ጋሽ ታደሰ አየች። እሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ገና ነው፣ ማለታቸው ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገ ነው ማለት ነው።

ዓርብ፣ ጁላይ 18፣ ጠዋት

ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ታደሰ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል። እዚህ ተራራ ላይ ካውያ ከየት አመጡ?

«እህል ቀመስክ?»

ቁርስ ቤት ወርደን ዳቦ በማርማላታ አስበሉኝ። እስክጨርስ ፊቴን ያያሉ። እማዬ የለችም። ሁለታችን ብቻ በቼር ሊፍቱ እንውጣ አሉ። ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ወንበር ነው፤ ለሁለት ሰው፣ ግድግዳ የሌለው። የመኪናዬ ቁልፍ አትላንታ ነው። ስለዚህ ስልኬን ጠየቁኝ። እንዳይወድቅብህ አሉ።

ሰጠኋቸው። ቅደም ተከተሉን አውቀዋለሁ። ይህን ሽንት ቤት ውስጥ ነው የምጽፈው። እማዬ…

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ማስታወሻዬ። ተቀምጫለሁ።

ወንበሩ ከኋላ መጥቶ ጉልበታችንን መትቶ አነሣን። እግራችን ከላሞች በላይ ተንጠለጠለ። መንገድ ላይ ገመዱ ቆመ። ታች ሽማግሌ ወይም ሕፃን ሲሳፈር እንዲህ ያቆሙታል። ጸጥታ። ቃጭል።

«ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ነን።»

ብረቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ይንገሩኝ አልኩ።

አባትህ ደግ ሰው ነበሩ አሉ። ነበሩ አልኩ። ሁሉም ለጊዜው ነው አሉ። ነው አልኩ። አንተ የቤቱ ታላቅ ነህ፣ ጠንክር አሉ። ጠንክሬያለሁ አልኩ። አልጠነከርኩም።

«እናትህ ብቻዋን ብዙ ቆየች። እኔም እንደዚያው። እና…» ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ፈቃድህ ከሆነ፣ ልንጋባ ነው።»

አንዲት ላም ቀና ብላ አየችን።

በሽታዋስ? አልኩ። «የምን በሽታ?» ሆስፒታሉስ? የእሳቸው ዓይን ነበር፤ ሞራ አስገፍፈው እማዬ ስትነዳላቸው ነበር። ሾፒንግስ? እሳቸው ውስጥ እስኪጨርሱ ሾፒንግ ሄዳለች። ለካ አንዲትም ቃል አልዋሸችኝም።

ሳቅኩ። እንዲህ ስቄ አላውቅም። ወንበሩ መወዛወዝ ጀመረ። ጋሽ ታደሰ ስለ እመብርሃን ብለው ለመኑኝ፤ ለካ ከፍታ ይፈራሉ። ታዲያ ለምን እዚህ አልኳቸው።

«ሰው እኔን ሲያይ ይሸሻል፣ ልጄ። እዚህ የት ትሄዳለህ?»

ሽማግሌ መላክ ወጉ እንደሆነ ያውቃሉ። ግን ዝም ብዬ ብልክ፣ የእድር ሰዎች በርህ ላይ ተሰልፈው ስታይ ማን ሞተ ብለህ ትወድቃለህ ብለው ፈሩ። ነገሩ ልክ ነው። እወድቅ ነበር። ታዲያ ለምን እንደ መርዶ ጀመሩት? ብዙ አሰቡ። ከዚያ «ሌላ አነጋገር አልለመድኩማ» አሉ። «ደስ የሚል ነገር ንገርልኝ ብሎ የላከኝ ሰው የለም።»

እጃቸውን ያዝኩ። በአባዬ መርዶ ቀንም ይህ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። ያኔ ከባድ ነበር። ዛሬ በፍርሃት ላብ የራሰ የሽማግሌ እጅ ነው።

ገመዱ ተንቀሳቀሰ። ላይ ደርሰን ወንበሩን ሳንለቅ ዞረን ወረድን። እማዬ ታች ቆማለች፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሽቅብ ታያለች። ከርቀት በሁለት እጄ አውለበለብኩላት። የሊፍቱ ሠራተኛ በጀርመንኛ ጮኸብኝ። እማዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

በቤታችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ጠየቅኩ። እማዬ፣ የሚያምሽ ነገር አለ?

«ጉልበቴ» አለች።

ጉልበቷ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቷ።

ለሕይወት ደወልኩ። ማንም አይሞትም አልኳት። ነገሩን ነገርኳት። «ዌይት። ያ የሞት ሰውዬ?» ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ምን ብዬ ነው የምጠራው ብላ ጠየቀች። ውይይቱ አልተቋጨም።

ማታ እማዬ አይብ ላይ ያሉትን ሰዎች በምቀኝነት እያየች ድንቿን በላች። እኔ ሁለት ሳህን።

እሑድ፣ ጁላይ 20፣ አትላንታ

ሙቀቱ ኤርፖርቱ በር ላይ ተቀበለን። ትናንት ቀኑን ሙሉ አይብ በላን፤ ዛሬ እንቅልፍ።

ሁሉም እፎይታ ነው ብል እዋሻለሁ። አውሮፕላን ላይ ሁለቱ ተኝተው ራሷ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ። የከፋኝ መሰለኝ። ትንሽ ነገር፣ ጫማ ውስጥ እንደ ገባች ጠጠር። ሻንጣዋን ቤት ሳስገባ ጋሽ ታደሰ የአባዬ ፎቶ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። እማዬ አልሰማችም። ይህ ከዚህ አይነሣም አሉኝ። ጠጠሯ አልወጣችም። ግን ወደ ጎን ሄደች፤ ያራምዳል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22፣ በምሳ ሰዓት

ቢሮ። ጠረጴዛዬ ላይ የሰው ጣሪያ፣ የሰው ቧንቧ፣ የሰው መኪና። ሁሉም የተሰበረ። ደስ ብሎኝ አነበብኳቸው።

የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ በቀለ፣ ከአዲስ አበባ ደወለ። ጋሽ ታደሰ የሚልኳቸው ሽማግሌዎች ቅዳሜ ይመጣሉ። አንተ ፊት ትቀመጣለህ አለኝ። መጀመሪያ ሲጠይቁ አትመልስም። እንመካከራለን ብለህ ቀጠሮ ትሰጣለህ። ሁለተኛ ሲመጡ ደግሞ ዘመድ አልተሰበሰበም ትላለህ። በመጀመሪያ ጥያቄ የተሰጠች ልጅ ትረክሳለች።

ልጅቷ ጡረታ ወጥታለች እኮ አልኩት።

ወግ ዕድሜ አይጠይቅም አለ። ተቆጣ። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁ።

አሰብኩበት። አንድ ሰው አፉን እስኪከፍት መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ እሷ ጓዳ ቆማ ለበሩ ጆሮዋን ትሰጣለች። ቀጠሮ የምሰጠው ለሽማግሌዎቹ አይደለም፤ ለእሷ ነው።

ስለዚህ፦ ሱፍ እለብሳለሁ። ፊት እቀመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ትልቁ ሽማግሌ ልጃችሁን ለልጃችን ብሎ ሲጀምር፣ ሳይጨርስ፣ ሰጥተናል እላለሁ። ጓዳ ድረስ እንዲሰማ፣ ጮክ ብዬ።