ወደ ቀኝ የምትሸሽ ጀልባ

ልጄ፣

እንዴት ከርመህልኛል? ሚስትህስ? ያ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅስ ጡት በደንብ ይይዛል? እናንተ ያላችሁበት ተራራ ብርዱ አጥንት ይገባል ይባላልና ጆሮውን ሸፍኑት። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ቤተ ክርስቲያን ስንበረከክ ነው እንጂ ዶሮ ሳባርር ትዝም አይለኝ። ጎረቤታችን አሊንግ ፓሲንግ እንደ ድሮዋ ናት፤ የሰው ጉዳይ ካላማሰለች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ምድጃ በላቸው።

ሚስትህ ጽፋልኝ ነበር፤ እንዳትቆጣት። ሕፃኑን አንድ ቀን እንኳ አቅፈኸው እንደማታውቅ፣ ልትሰጥህ ስትል እጅህን ወደ ኋላ እንደምትደብቅ፣ «እጄን አላምነውም፣ አባቴን የገደልኩበት ነው» እንዳልካት ነገረችኝ። ወረቀቱን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የባሕር ልጅ ሆነህ አራት ዓመት ሙሉ ተራራ ላይ ጎመን ስትተክል፣ እኔ «ይሁን፣ ጊዜ ያሽረዋል» እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ላሽረው የምችለው እኔ ነበርኩ። እስከ መጨረሻው አንብብልኝና ከዚያ የፈለግከውን በለኝ።

የድሮውን ሞተር ጠባይ ታስታውሳለህ። የኋላ ማርሽ ሲገባ የጀልባዋ ጅራት ወደ ግራ ይሸሻል። ማሰሪያችን፣ ያ የእንጨት መድረክ፣ በስተቀኝ፤ አጠገባችን የሚያስረው የኔስቶር ጀልባ በስተግራ፤ መሐሉ ጠባብ። አባትህ ግን ጅራቷን አስቀድሞ ወደ ማሰሪያው ያዞርና ጋዝ ጠብ ያደርግላታል፤ ራሷ ተቃንታ ትገባለች። ሲጋራውን እንኳ ከአፉ አያወጣም ነበር። «ወደ ኋላ ስትነሳ መሪ አትሰማም፤ ጆሮ የላትም። ከጠባይዋ ጋር አትጣላ፣ ቀድመህ ጠብቃት። ከዘገየች ጋዝ ጨምርላት፣ ትቃናለች» እያለ ከስምንት ዓመትህ ጀምሮ ያስተማረህ ይህንን ነው። የሚያሳፍራቸው እንግዶች ሲያጨበጭቡለት እኔም በልቤ አጨበጭብ ነበር። ነግሬው ግን አላውቅም፤ ጉራው መች አነሰውና።

ያ ሞተር ሲሞት አባትህ ወባ ጥሎት ነበር። ስለዚህ ኔስቶር ጎትቶልን ጀልባዋን ወደ ሞተር ሠሪው ወደ ማንግ ቴባን የወሰድኳት እኔ ነኝ። ማንግ ቴባን ያገለገለ ሞተር ገጠመላት። ልሄድ ስነሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ለባልሽ ለሴልሞ ንገሪው፤ የዚህኛው ዘንግ የሚዞረው በተቃራኒው ነው። ወደ ኋላ ሲነዳት ጅራቷ ወደ ቀኝ ነው የምትሄደው። አደራ እንዳትረሺ» አለኝ። ሠራተኛው ጀልባዋን ነድቶ አመጣና ከማሰሪያው ራቅ አድርጎ መልሕቅ ጥሎላት ሄደ።

አልረሳሁም፣ ልጄ። ረሳሁ ብዬ ብጽፍልህ ለእኔም ለአንተም ይቀል ነበር። አልረሳሁም።

እሑድ ዕለት እንደ ልማዳችን ዶሮ ታርዶ ሞተሩ ደም ተቀባ። ሰፈሩ በሙሉ ማሰሪያው ላይ ነበር። አባትህ ከበሽታው ተነስቶ፣ የኮኮናት አረቄ ቀማምሶ፣ ደስ ብሎታል። ጠጋ ብዬ፣ «ሴልሞ፣ ስለ ሞተሩ ማንግ ቴባን የነገረኝ ነገር አለ» አልኩት። እሱ ጮክ ብሎ ለሰው ሁሉ፣ «ስሙልኝ እንግዲህ፣ ዛሬ ደግሞ ሞተር የምታስተምረኝ ዶሮ ጠባቂዬ ሆናለች። ሴትዮ፣ ይልቅ መረቁ እንዳያርርብሽ፣ ዝንጅብሉን ጨምሪ» አለ። ሁሉም ሳቁ። ፓሲንግማ እንባዋ እስኪወርድ ነው የሳቀችው። አንተም ሳቅህ፤ በአንተ አልተቀየምኩም።

በሆዴ፣ ቆይ፣ አልኩ። በሰው ፊት ሳቅክብኝ፣ በሰው ፊት ይሳቅብሃል። ዛሬ ጀልባህ ወደማታውቀው ትሂድብህና ያ ሲጋራ ከአፍህ ይውደቅ። የፈለግኩት ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ቀለሟ ትንሽ ተልጦ ለአንድ ሳምንት እንዲቀለድበት። መሪውን የሚይዘው እሱ መስሎኝ ነበር።

እሱ ግን ትከሻህን መታ አደረገና፣ «ዛሬ አንተ አስገባት፣ ካፒቴን። ገመዱን እኔ እቀበልሃለሁ» አለህ። በታንኳ ሄደህ ጀልባዋ ላይ ወጣህ። ከዚያ ሆነህ እጅህን ስታውለበልብልኝ ጭልፋውን እንደያዝኩ አፌን ከፈትኩ። ፓሲንግ ከኋላዬ፣ «መሐንዲሷ ደግሞ ምን ልትለን ነው?» አለች። መልሼ ዘጋሁት። ቢበዛ ቀለሟ ነው የሚላጠው አልኩ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ጅራቷን ወደ ማሰሪያው አዞርክ፣ እንዳስተማረህ። አልቃና ስትልህ ጋዝ ጨመርክ፣ እንዳስተማረህ። በጨመርክ ቁጥር ማሰሪያው ላይ ወደቆመው ወደ አባትህ መጣች። እሱም ቀለሟ እንዳይላጥ በእግሩ ሊገፋት ሲል አንሸራተተው፤ ደረቱ በማሰሪያው ግንድና በጀልባዋ መሐል ገባ።

ከቀብሩ በኋላ በዘጠኙ ቀን ጸሎት ሰው ሁሉ፣ «ልጁ ደንግጦ ጋዝ ሰጠ» ሲል እኔ መቁጠሪያዬን እቆጥር ነበር። አንተ ወጥ ቤት ድረስ መጥተህ፣ «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ? እሱ እንዳለኝ እኮ ነው ያደረግኩት» አልከኝ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልኩህ። በእግዚአብሔር አሳበብኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የዝምታ ወለምታ በምን እንደሚታሽ የነገረኝ የለም።

ከዚህም የከፋ አለ። ከመሞቱ በፊት፣ ክሊኒክ በተኛ በሁለተኛው ቀን፣ አንተ ቄሱን ልትጠራ ስትወጣ፣ አባትህ ዓይኑን ገለጠ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ወደ ቀኝ ነው የምትጎትተው» አለኝ። «ለልጁ ንገሪው። እሱ አላጠፋም።» ማንግ ቴባን ምን ብሎሽ ነበር ብሎ አልጠየቀኝም። አባትህን ታውቀዋለህ፤ በሩን ቆልፈሻል ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ካልጠየቀ የማይተኛ ሰው ነበር። እጄን ያዘና እስክትመጣ ድረስ አልለቀቀኝም።

አልነገርኩህም። ከነገርኩህ ደግሞ «ማን ያውቅ ነበር?» ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። በሁለት ሰው አንድ መልእክት ተላክሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ በላሁት።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጀልባዋን የምነዳት እኔ ነኝ። ከፈለግክ ሳቅ፤ ፓሲንግም ስቃ ጠግባለች። ጅራቷን ከማሰሪያው አርቄ ወደ ኔስቶር ጀልባ አዞራታለሁ። መሪውን በሁለት እጄ እጨብጣለሁ፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ከለቀቅከው ተወርውሮ ይመታሃልና። ጋዝ ጠብ አደርግና እተወዋለሁ፣ ደግሞ ጠብ አደርግና እተወዋለሁ። ራሷ ተቃንታ ትገባለች። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሁልጊዜም እያለቀስኩ ነው የማስራት።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ለሁሉም ተናገርኩ። ያን ቀን የሳቁት በሙሉ ነበሩ። የሳቀ የለም። ፓሲንግ እስካሁን ደጄን አልረገጠችም፤ አልፈርድባትም። አሁን የቀረኸኝ አንተ ነህ። ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም። ልጅህን ግን ዛሬውኑ፣ ይህን ወረቀት እንዳስቀመጥክ፣ ተነስተህ እቀፈው።

ጎመንህ ይለምልምልህ። ለሚስትህ ጤና ይስጥልኝ። ልጅህ አድጎ በአንተ ይኩራ። ድንግል ማርያም በምትሄድበት ሁሉ ከፊትህ ትቅደም።

አንድ ቀን ከመጣህ ጀልባዋን አንተ አስገባት። እኔ አባትህ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ግንዱ አጠገብ ቆሜ ገመዱን እቀበልሃለሁ። ያንን እጅ እኔ አምነዋለሁ።

«እናትህ» ብዬ ለመፈረም አልደፈርኩም፣

የወለደችህ