ቀያሹ አባታችን እና በደጃቸው የተከሉት ሣር

አባታችን ከጣራ ከዳኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ለክዳን የሚሆን ረጅም ሣር ሲያጭዱ ስላደጉ፣ የትኛው እንደሚከርም የትኛው እንደሚበሰብስ በእጃቸው ዳብሰው ይለዩ ነበር።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1963 ዓ.ም. በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት በቀያሽነት ተቀጠሩ። ለሠላሳ አራት ዓመታት ችካል ሲመቱ ስለኖሩ ባልደረቦቻቸው «አባ ችካል» ይሏቸው ነበር። በ1969 ዓ.ም. ነርስ ከሆኑት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ጡረታ በወጡበት ዓመት፣ መጨረሻ የቀየሱት መስመር ላይ ዶዘር ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሄደው ሦስት እግር ሣር ከነአፈሩ ነቅለው አመጡ። «ስንቱን ሜዳ አስገለበጥኩ» ማለታቸውን እናታችን ያስታውሳሉ። ሣሩን ከበሩ እስከ በረንዳው ተከሉት። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ አጠጡት፤ ከዚያ ወዲህ ውኃም ማዳበሪያም አልፈለገም። በዓመት አንዴ፣ አዲሱ ቡቃያ ሳይወጣ፣ ደረቁን አንድ ስንዝር አስቀርተው ያጭዱታል፤ ሲጠብበው ሥሩን በአካፋ እየከፈሉ ያዛምቱታል። በሦስተኛው ዓመት ከቁመታቸው በለጠ። ጎረቤት «ደጃቸውን ዳዋ ዋጠው» ሲል፣ እሳቸው ወንበራቸውን አውጥተው ነፋሱ ሣሩን ሲያስተኛውና ሲያነሳው ያያሉ።

በ2012 ዓ.ም. ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሁለት ወር ሆስፒታል ተኙ። ያኔ ግንበኛው ልጃቸው፣ ይህን የጻፈው፣ በምርኩዝ ሲመጡ እንዳያደናቅፋቸው ብሎ ሣሩን ከነሥሩ ነቅሎ ግቢውን በሲሚንቶ ለሰነው። እህቶቹ «እስኪ መጀመሪያ ጠይቃቸው» ቢሉት፣ «ሲመጡ ያዩታል» አላቸው።

መጡ፤ በሩ ላይ ቆመው ብዙ አዩት። «ደክመሃል ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወንበራቸውን አውጥተው አያውቁም። ልጃቸውም ነገሩ እየገባው «አጠፋሁ» ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። አምና ሲሚንቶውን በመዶሻ ሰባብሮ፣ ሣሩን ፍለጋ አባታችን ወደነቀሉበት መንገድ ሄደ። ግራና ቀኙ ሱቅና ጋራዥ ብቻ ነበር። ባዶ እጁን ሲመለስ አባታችን፣ «ምን ታደርገዋለህ፤ የቀየስኩት እኔው ነኝ» አሉት።

ላለፉት ስድስት ወራት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ። እናታችንን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ልጃቸው በሕይወት ሳሉ ያላላቸውን «ይቅር ይበሉኝ» ዛሬ በእናንተ ፊት ይላል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በለመለመ ስፍራ ያሳርፍልን፤ እኛንም ሰሚው በሕይወት ሳለ ለመናገር ያብቃን።